ባዶ እጄን የለመንኩት

ለምወድሽ እናቴ ለበቀለች፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? አቀበቱን ያለ ምርኩዝ ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም ወንድሜን ተድላን ትደገፊያለሽ? እህቴ ሳራስ ትምህርቷን ያዘች? ናፍቆታችሁ አንጀቴን በላው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ።

ከቤት ግን አልወጣም። አሠሪዬ ሲት ሉጥፊያ ጀዋዜን፣ ፓስፖርቴን ማለቴ ነው፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ስትወጣም የግቢውን በር ከውጭ ትዘጋብኛለች። አገሬ ልግባ ባልኳት ቁጥር መልሷ ኢንሻላህ ነው። ረመዳን ይውጣ አለች፣ ወጣ። አሁን ደግሞ አረፋ ይለፍ ትላለች። እማዬ፣ ታፍኛለሁ።

እንድወጣ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስያለሁ ያልሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል፤ የጎረቤት ሠራተኛ የወሎዋ ዘኪያ ናት በአጥር ያቀበለችኝ። አንብቤ አለቀስኩ። እኔም እንደ አንቺ፣ በባዶ እጅ አይለመንም ብዬ ነው ያደግሁት። እዚህ ግን ምን ልሳል? ሻማ እንኳ ወጥቼ አልገዛም። የምሰጠው ስለሌለኝ አፍሬ፣ አውጣኝ ማለቱን ትቼ ትዕግሥቱን ስጠኝ ብቻ ስል ከረምኩ።

ባለፈው እሑድ ሸሚዝ እየተኮስኩ አባታችን ሆይ ስል፣ ስጠን የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ለካስ ስጠን ብቻ ነው የምንለው! ጥላ አመጣለሁ፣ ሻማ አበራለሁ የሚል የለበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው አንድ ቀን አላስተዋልኩትም። ካውያውን አስቀመጥኩና ጮክ ብዬ፣ "አባቴ፣ የምሰጥህ የለኝም፤ ከዚህ ቤት አውጣኝ" አልኩት። ደፈርሽ አትበይኝ። አባት አይደለም እንዴ? ተድላ ጫማ ሲያምረው ለአባባ ምን ቃል ይገባ ነበር?

በነጋታው ሲት ሉጥፊያ ፊት ቆሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጀዋዜን ጠየቅኋት። ያን ቀን ኢንሻላህ አላለችም፤ ትታኝ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ዛሬም እንደተቆለፈ ነው። ሲመሽ ፍርሃቱ ይመለስብኛል፣ አልዋሽሽም። ልመናዬን ግን አልተውኩም። ልብሴን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ፤ የለበስኩትን አጥቤ መልሼ እዚያው እከታለሁ። ሲት ሉጥፊያ አየችና ወዴት ነው አለችኝ። አገሬ አልኳት።

ስለ ጥላው አትጨነቂ፤ እመቤታችን ችግራችንን ታውቃለች። አንቺም ዝም ብለሽ ለምኚልኝ።

ተድላን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ወለተማርያምን ሰላም በይልኝ። መቼ ትመጣለች ለሚሉሽ፣ ቀኑን ባላውቀውም ትመጣለች በያቸው። ሳራም አልጋዬን ይዛው ከሆነ ትልቀቅልኝ።

ልጅሽ ጸሐይወርቅ
ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር
ጥር 23 ቀን 1994 ዓ.ም.