የእማማ ተረበኛ እግር

የካቲት 9፣ እሁድ ከሰዓት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ብቻ ጸጥታ በዝቶበታል።

ትዝ ይልሻል፣ ጥፍር ቤታችንን ስንከፍት በረኪናው አፍንጫችንን ሲሰነፍጠን? አንቺ መቁረጫዎቹን በሳሙናና በብሩሽ ትፈትጊያለሽ። “ሳይታጠብ አልኮል ማፍሰስ ጭቃ ላይ ሽቶ መርጨት ነው” ስትይ፣ እኔ “ነርሷ መጣች!” እያልኩ እስቅብሻለሁ። ጥፍሩ ያበጠ ደንበኛ ሲመጣ “መጀመሪያ ሐኪም ይይልዎት” ብለሽ ስትመልሺ ደግሞ ስንቴ ተኮራረፍን! ያ ኩርፊያ ራሱ ናፈቀኝ።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ተረበኛ መጡ፤ እኚያ ስኳር ያለባቸው ደንበኛሽ።

“የልጅ ልጄ ሰርግ ደርሷል፤ ሙሽራዋ እስክትቀና እግሬን አሳምሩልኝ” አሉ።

ባንቺ ቦታ የቀጠርኳት ልጅ ሳፋውን አቅርባ፣ ተረከዛቸውን ልትፍቅ ምላጩን አነሳች። እኔ ማዶ የሌላ ሴት ጥፍር እየቀባሁ ነበር። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ያንቺ ድምፅ ከአፌ ወጣ፦ “ቆይ! መጀመሪያ በጣቶቹ መሃል እይ!”

ሄጄ ጎንበስ ብዬ ጣታቸውን ፈልቀቅ ባደርገው፣ መግል የቋጠረ ቁስል። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞት እሳቸው ምንም አልተሰማቸውም።

“ምን አገኘሽ፣ ወርቅ?” አሉኝ።

“እማማ፣ ዛሬ ቀለም የለም። ክሊኒክ ነው የምንሄደው።”

“ከሰርጉ በኋላ!”

“ከቆየን እኮ በክራንች ነው የሚጨፍሩት።”

ሳቃቸው ጠፋ። እጄን ጭምድድ አርገው ያዙኝ። ቤቱን ለልጅቷ ትቼ በታክሲ ይዣቸው ሄድኩ።

ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት አዘዘላቸው። “ደግ ነው፣ ቁስሉ ሳይጠልቅ መጣችሁ። ነክራችሁ ብትፍቁት ኖሮ እግራቸውን ባጡ ነበር” አለኝ። እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

ትናንት ሰርጉ ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አመሹ አሉ። ዛሬ ጠዋት ደውለው፣ “ያቺ ተቆጪ እህትሽ መቼ ነው የምትመለሰው?” ቢሉኝ፣ ስለ መድኃኒታቸው ጠየቅኳቸው።

አንቺ ትዳርሽን ያዢ፣ ለእኔ አታስቢ። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው፣ ትለምዳለች። ያንቺ ወንበር ላይ ልቀመጥ ስትለኝ ግን “እግሩ ተሰብሯል፣ ይጥልሻል” አልኳት። ደህና ወንበር ነው።

የነካሽው ይለምልም፤ ወልደሽ ሳሚ።

እታለምሽ