«ተው» ያልከኝ ዕለት

ውድ ቀጮ፣

አለቃ ከሆንክ ወዲህ በዚህ ስም የምጠራህ እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬም የጠራሁህ ናፍቀኸኝ አይደለም፤ ሌላ ስም ስላልመጣልኝ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ በግራ እጄ እየጻፍኩ መሆኑን አስብ።

የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ግን አንተ ለሌላ ሰው ከነገርክበት መንገድ ውጪ አንድ ጊዜ በእኔ በኩል ስማው።

የዚያን ቀን ጠዋት የመጋዙን ምላጭ ቀይሬ ጨርሻለሁ። መሸፈኛውን መልሼ ለማሰር ካቻቢቴ ፍለጋ ስዞር በሩ ላይ ቆመህ አየኸኝ። ውጭ የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል። «ተው ባክህ፣ ሰውዬው እየጠበቀን ነው፤ በኋላ ታስረዋለህ» አልከኝ። እኔም ተውኩት። መሸፈኛውን ግድግዳው ሥር አስደግፌ ጣውላውን ወደ መጋዙ ገፋሁ። አንጓ ነበረበት። ምላጩ አንጓው ላይ ሲደርስ ጣውላው ተመልሶ ተወረወረ፣ እጄ ግን ወደፊት ሄደ።

ያኔ ያደረግክልኝን አልክድም። ሸሚዝህን አውልቀህ እጄን ጠቀለልክልኝ፤ በዚያው መኪና ጭነህ ወሰድከኝ። መንገዱን ሙሉ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያልክ ታለቅስ ነበር። ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ እንደማይመለሱ ሐኪሙ ሲነግረኝ እንኳ እኔ አንተን ነበር የማጽናናው።

ከዚያ አደጋውን የሚያጣራው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ጠራን። ሰብሳቢዋ ሴትዮ መጀመሪያ አንተን ጠየቀችህ።

«መጋዙ ያለ መሸፈኛ እንደነበረ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ተው አልኩት።»

ወደ እኔ ዞረች። «ተው ብሎህ ነበር?»

ምን ልበል? «አዎ፣ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተውክም?»

«ተውኩ እኮ።»

ከኮሚቴዎቹ አንዱ ሳቀ። እየተንተባተብኩ ማስረዳት ጀመርኩ፤ መሸፈኛውን ማሰሩን ተው ነው ያለኝ፣ መቁረጡን አይደለም አልኩ። ሰብሳቢዋ መልሳ አንተን አየችህ። «እንደሱ ነው?» አለችህ። አንተ ጫማህን እያየህ «እኔ ተው ነው ያልኩት» አልክ፤ አንዲት ቃል አልጨመርክም።

አልዋሸህም። የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። ብትዋሽ ኖሮ ውሸታም ብዬህ እገላገል ነበር። ያልከኝን ቃል ከመጋዙ አጠገብ አንስተህ ወስደህ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥክላቸው፤ እዚያ ሲደርስ ምክር ሆነ። እኔም ምክር የማይሰማ ሰው ሆንኩ። «በራሱ ቸልተኝነት» ብለው አሰናበቱኝ፤ አንተ በአለቅነትህ ቀጠልክ።

እውነቱን ብትናገር አንተ ትባረር ነበር፣ ይገባኛል። የልጆች አባት ነህ። ቀድመህ ቤቴ መጥተህ «እንጀራዬ ነው፣ ዝም በልልኝ» ብትለኝ ምናልባት ዝም እልልህ ነበር። ግን አልጠየቅከኝም። የጎደለውን ጣቴን ሰጥቼህ የቀረውን ብትለምነኝ የምከለክልህ መሰለህ?

እናቴም በተራዋ ጀምራኛለች። ስምህን ባነሳሁ ቁጥር «ተው ልጄ» ትለኛለች፤ እሷ ስትለው ልመና ነው። የሴት ልጇ ትዳር እንዳይፈርስ ፈርታ ነው። እኔም እሺ እላታለሁ።

ባለፈው እሑድ እህቴ መጣች፤ ሚስትህ። ትንሹ ልጃችሁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። እኔ መላጥ ስለማልችል ብርቱካን እየላጠችልኝ ድንገት ቀና አለች።

«ወንድምዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሰውዬው እንቅልፍ አጥቷል። ስምህ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። የዚያን ቀን ምን ነበር ያለህ?»

ልጁን አየሁት። ግንባሩ ቁርጥ ያንተ ነው።

«ተው ብሎኝ ነበር» አልኳት።

በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔም አውቄዋለሁ» አለች። «አንተም መቼ ሰው ትሰማለህ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ።» እንባዋን በክንዷ ጠርጋ መላጧን ቀጠለች። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ ብሎ አየሁት። ሲወጡም ልጁን ቀስቅሳ «አጎትህን ሳመው» አለችው።

እንዴት አድርጋ እንደምትሰማው አውቄ ነው የነገርኳት። እንዲህ ያለ አነጋገር አልችልም ነበር፤ ከአንተ ነው የተማርኩት። ግን ለአንተ ያደረግኩት እንዳይመስልህ። በሰላም ትተኛ ብዬ ነው፤ አንተ እንቅልፍ ብታጣ ግድ የለኝም።

በእሷ በኩል የላክልኝን የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አልፈልገውም፤ ለሌላ ሰው ስጠው። ይህንንም አንብበህ ቅደደው።

ከእሷና ከልጆቹ ጋር ስትመጣ በሬን እከፍትልሃለሁ። ወንበር እስብልሃለሁ፣ ሻይ ትጠጣለህ፣ ልጆቹ ፊት አብረን እንስቃለን። ብቻህን ግን እንዳትመጣ።

የሚስትህ ወንድም