ከበሩ ወዲያ የጠራው ድምፅ

ቅዳሜ

በእጄ ያቃጠልኩትን መጽሔት ዛሬ ካልቨር ሲቲ፣ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ያርድ ሴል ላይ አገኘሁት። ሌላ ቅጂ ነው፤ ግን ያው ሽፋን፦ ሰይፈኛው፣ አረንጓዴ ጭስ፣ ጥላ የሌለው ጠንቋይ። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት። ቤት ለማስገባት ግን አልደፈርኩም፤ መኪናዬ ኋላ ከትርፍ ጎማው ጎን ወተፍኩት።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አገር ቤት፣ ጌታን በተቀበልኩ በሳምንቱ። የጸሎት ቡድናችን «ጥንቆላ ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት ይውጣ» አለ። እኛ ቤት የተገኘው ይሄ ብቻ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከሰለሞን ፍራሽ ሥር አውጥቼ ጓሮ አነደድኩት። ሰለሞን «መስፍን ነው የሰረቀኝ» አለ። መስፍን የልብ ጓደኛው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እኔ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም ዝም ብያለሁ።

እሑድ

ከቸርች በኋላ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያኔ ሰለሞንና መስፍን በአንድ መዝገበ ቃላት እየተጋፉ እንግሊዝኛውን ጮክ ብለው ሲያነቡ እኔ ተደብቄ እሰማ ነበር። ጠንቋዩ የሰው ድምፅ ይሰርቃል፤ በዚያ ድምፅ ሲጠራ የመለሰለት አይተርፍም። ሰይፈኛው ግንቡ በር ላይ ሲደርስ የጓደኛው ድምፅ ከውስጥ ይጠራዋል። የእኛ እዚያ ላይ ያልቃል፤ በመጨረሻው ቅጠል ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበታል።

ዛሬ ቅጠሉ አለ። ሰይፈኛው ሳይመልስ ይሄዳል። የጠራው ግን ጠንቋዩ አልነበረም። ጓደኛው ራሱ ነበር።

ምነው ባላነበብኩት!

ሰኞ

ግሌንዴል፣ ቢሮ። የሦስት ሰው ቀጠሮ አምታታሁ። የጠራኝ ሰው ያለ መስሎኝ ሁለቴ ዞርኩ። ማንም የለም።

መስፍን ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለው። ሰለሞን በርበሬ ሲያልቅበት እኔን ነው የሚልከኝ። መስፍን ሁልጊዜ «ያ ሰው ደህና ነው?» ይለኛል። ስሙን አይጠራም።

ብናገር ሰለሞን ዓይንሽን አልይ ቢለኝስ? ከእሱ ሌላ እዚህ ማን አለኝ? ጸለይኩ። የመጣልኝ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አልወደድኩትም።

ማክሰኞ

ፓልምስ፣ ሰለሞን ቤት። መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌባ ስለው ዝም አልሽ?»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ «ውጪልኝ» አለ። ወጣሁ። መጽሔቱ እሱ ጋ ቀረ።

ረቡዕ

አልደወለም። እህል አልወርድ አለኝ፤ ጾም ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ሐሙስ

ደወለ! «ነይ አንቺ ድራይቭ አድርጊ፤ እኔ ዛሬ መንዳት አልችልም። ፌርፋክስ እንሂድ።»

መንገድ ላይ «መጽሔቱን ጨረስከው?» አልኩት።

«መጨረሻዋን አላነበብኳትም። ከመስፍን ጋር አብረን ነው የጀመርነው። እንዳትነግሪኝ።»

ሱቁ ፊት ፓርክ አደረግኩ። ለረጅም ጊዜ አልወርድ አለ። ከዚያ መጽሔቱን በብብቱ ሸጉጦ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የመስፍን ድምፅ «ማነው?» አለ።

ሰለሞን ዞሮ አየኝ። መልስለት፣ በኢየሱስ ስም መልስለት፣ አልኩ በሆዴ። «ግቡ! ማነው?» አለ መስፍን እንደገና።

«እኔ ነኝ» ብሎ ገባ።

ከገባ አርባ ደቂቃ ሆነው። መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። የጮኸ የለም፤ የሳቀም የለም። አሁን አንድ እጅ ብቅ ብሎ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ወደ «ዝግ ነው» ገለበጠው። የማን እጅ እንደሆነ አላየሁም።