እማዬ ፈተናውን ያለፈችበት ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ነገሩ የተበላሸው እማዬ ትክክለኛውን መልስ የሰጠች ጊዜ ነው። የሰነድ መዝጋቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «እናቴ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲላት፣ «ሁለት፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት» አለችው፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሰውየው ፈገግ አለና ማህተሙን ወደ ራሱ ሳበ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ደስ አለኝ። ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ያንን ደስታ ነው።

ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ። ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ልጆቹስ ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? እኛ ደህና ነን ልበልህ። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ሰዓት ስንት ነው እያለች በቀን አርባ ጊዜ ትጠይቀኛለች፤ አርባ ጊዜ እመልስላታለሁ። ደክሞኛል፣ ጋሼ። ይህን የምጽፍልህ ገላዋን አጥቤ፣ አንሶላዋን አስጥቼ፣ ፀሐይ ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ ነው። እጄ አሁንም ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ያን ሳምንት ታስታውሳለህ። ደውለህ «ውክልና ያስፈልገናል፤ ለጡረታዋና ለሕክምናዋ ብቻ ነው። መዝጋቢው ጥቂት ነገር ይጠይቃታል፤ አንቺ አዘጋጂያት» አልከኝ። አዘጋጀኋት። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ልጆችን ለፈተና ስታዘጋጅ የኖረችን መምህርት፣ በራሷ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ቀኑን፣ ስሟን፣ የልጆቿን ቁጥር ጽፌ ስድስት ቀን አስጠናኋት። ስትሳሳት ማስመሪያ እንደሚጠብቅ ተማሪ መዳፏን ትዘረጋልኝ ነበር። መዳፏን ስሜ «እንደገና» እላታለሁ።

ሰነዱ ሲመጣ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ። አስራ ስድስት ዓመት የተማርኩ ሰው አራት ገጽ ማንበብ አቃተኝ። እውነቱን ለመናገር አላቃተኝም፤ የወንድሜን ወረቀት መመርመር ነውር መስሎኝ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያን ቀን የሟቹን የአባዬን ካፖርት ለብሰህ ነበር የመጣኸው። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር መዝጋቢው እንኳ ሁለቱንም መስኮት አስከፍቷል። እማዬ ብዕሩን ይዛ ስታመነታ ዞር ብላ አየችህና «የኔ ጌታ፣ ልፈርም?» አለችህ። እንዲህ ብላ የምትጠራው አባዬን ብቻ ነበር። አንተም ቀስ ብለህ «ፈርሚ» አልካት። ስለ ካፖርቱ ግን አልጠይቅህም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ደላላ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ሜትር ዘርግተው ሳሎኑን ሲለኩ እማዬ የተማሪ ወላጆች መስለዋት በግድ አስቀመጠቻቸው። «ልጃችሁ ሰነፍ አይደለም፤ ጽሑፉ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል» ብላ ወቀሰቻቸው። አንደኛው ሰውዬ ከልቡ አፍሮ «እንመክረዋለን፣ መምህር» አላት። እኔ ማን ፈቀደላችሁ ስል ደላላው የውክልናውን ቅጂ አወጣ። ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ የምትኖርበትንም ቦታ ለመወሰን ይላል። «እህት፣ ይቺ ፊርማ ያንቺ አይደለችም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። የኔ ነበረች።

ስደውልልህ «ቤቷን እኮ አታውቀውም። መጦሪያ ብትገባ ምን ይጎድልባታል? አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም» አልከኝ። ልክ ነህ፣ አንዳንድ ቀን የማን ቤት ነው ትለኛለች። እግሯ ግን ያውቀዋል። ከአልጋዋ ተነስታ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ ሁለት በር አልፋ፣ ማንንም ሳትጠራ ሽንት ቤት ትደርሳለች። የቀረላት ክብር ይኸው ነው። ሌላ ቦታ የነቃች ዕለት ግድግዳው በሌላ በኩል ይሆንባታል፤ ከዚያ በኋላ ሰው መጥራት አለባት፤ የምትጠራውን ሰው ስም ደግሞ አታስታውስም።

ትናንት ፍርድ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ፣ ውክልናው እንዲሻር በፈረመችበት ቀን የምትፈርመውን እንደማታውቅ የሚመሰክር ያስፈልጋል፣ ማን አለሽ አሉኝ። እኔ አለሁ አልኳቸው። አንቺ በምን አወቅሽ ሲሉኝ፣ መልሱን ያስጠናኋት እኔ ነኝ አልኩ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ከጻፍኩት አንቺም ትጠየቂያለሽ። ሥራ ካለሽም በሥራሽ ይመጣብሻል» አሉኝ። ይጻፉት አልኳቸው። ብዕራቸውን አንስተው ጻፉት።

ፍርድ ቤቱ ሞግዚት እንዲሾምላትም ጠይቄያለሁ። እኔን ሹሙኝ አላልኩም። አንተም እኔም አንድ ጊዜ እምነት አጉድለንባታል፤ ከእንግዲህ ማን እንደሚሻላት ዳኛው አይቶ ይወስን። መጥሪያው ሳይደርስህ ከኔ እንድትሰማው ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ለልጆችህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ለአንተም ልብ ይስጥህ። ይህን በቁጣ አልልህም፤ ለቁጣ የሚተርፍ አቅም የለኝም። ተኳርፈን እንድንኖርም አልፈልግም። መጥተህ ብታያት በሩ ክፍት ነው፤ ምሳ አብልተሃት ብትሄድ እኔም አንድ ሰዓት ጋደም እላለሁ።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ስለ ውክልናው የደወልክልኝ ዕለት ልብስ እያጠፍኩ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ነበር፤ እሷም አጠገቤ ነበረች። አንተ «ምን ዓይነት ጎበዝ ሴት ነበረች» አልከኝ፣ ደጋግመህ። እማዬ ቀና ብላ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ቤቱን ዳኛ ይፈርድበታል፣ በኔም ላይ የሚፈርደውን ይፈርዳል፤ የመጣውን እችላለሁ። እናቴ በሕይወት እያለች፣ ፊቷ ላይ፣ እንደ ሞተ ሰው ሲወራባት ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ካንተም።

ታናሽ እህትህ