ስብሰባው መቼ ነው? የአቶ ጃለታ ሙለታ የሕይወት ታሪክ

“ባቡሩ በሚመጣው መስከረም አዲሱ ገበያ ይገባል።” ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓለሜ ይህን ወሬ ላለፉት አራት ዓመታት ሳይታክቱ ሲናገሩ ኖረዋል። መስከረም በመጣ ቁጥር ወሬውን ወደሚቀጥለው መስከረም ያሻግሩታል እንጂ አይጥሉትም። ትናንት ድንኳን ውስጥም እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ምስኪን፣ አሥር ወር ቢቆዩ ኖሮ እኮ ይሳፈሩበት ነበር” ብለዋል። ከማን ሰሙት ሲባሉ መልሳቸው “ከራሳቸው ከጃለታ” ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይስተካከል፤ አቶ ጃለታ ሙለታ ባቡሩ ይመጣል ብለው አንድም ቀን አልተናገሩም። መምጣት አለበት ነው ያሉት። ይህን ማለታቸው ብዙ አስከፍሏቸዋል።

አቶ ጃለታ ከአባታቸው ከአቶ ሙለታ ጉዲሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ደሜ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው አክስታቸው ለትምህርት ብለው ወደ ጉለሌ አመጧቸው። ያኔ የሚያውቁት አማርኛ ለመገበያየት የሚበቃ ብቻ ነበር። የክፍል ጓደኞቻቸው ሲስቁባቸው፣ “እናንተ በአንድ ቋንቋ ትስቃላችሁ፣ እኔ በሁለት እሰማችኋለሁ” ይሏቸው እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ዊንጌት ተከታትለው በ1968 ዓ.ም. አጠናቀቁ።

በ1970 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ በትኬት ቆራጭነት ተቀጠሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ ስምሪት ክፍል ተዛውረው፣ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚወጣ ሲመድቡ ኖሩ። አውቶቡስ ሞልቶ ሲነሳ ሌላው ሠራተኛ የተሳፈረውን ሰው ያያል፤ እሳቸው ግን ፌርማታው ላይ የቀረውን ያዩ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገልግለው በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሐመልማል ጋር ትዳር መሥርተው ኦልያድንና ኪያን አፍርተዋል። የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜ የግድግዳ ጎረቤታቸው አቶ ደቻሳ ቶለሳ ነበሩ። አቶ ደቻሳ በዋናው መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ያላቸው፣ የሰፈራችንን የብረት በር ግማሹን በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ኦልያድ ሲወለድ ክርስትና ስላነሱት፣ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ በስም መጠራራት ትተው “አበልጄ” ብቻ ይባባሉ ነበር። አንዱ ቤት ወጥ ካለቀ ከሌላው ቤት ድስቱ እንዳለ ይመጣል። እንዲህ ሆነው ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሩ።

የከተማው ባቡር ፒያሳ ደርሶ ከቆመ ወዲህ፣ ከዚያ ሽቅብ ያለው ሕዝብ እንደ ድሮው በታክሲ ሰልፍ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. መስመሩን ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲሱ ገበያ የማራዘም ሐሳብ ቀርቦ ነዋሪው እንዲወያይበት ሲባል፣ አቶ ጃለታ ጡረታቸውን አቋረጡ ማለት ይቻላል። ሁለት ወር ሙሉ ንጋት ላይ በርጩማቸውን ይዘው አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ እየተቀመጡ የተሰለፈውን ሰው ጠየቁ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቁም፤ ያንን ከስምሪት ያውቁታል። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ “ስንት ሰዓት ተነሱ?”

መልሱን ሁሉ በደብተር ጻፉ። አንዱ ጎረምሳ፣ “አልተኛሁማ፣ ከየት ልነሳ?” ብሎ ሰልፉን አስቋል። ቃሊቲ የምትሠራ አንዲት እናት ደግሞ፣ “አባባ፣ ስነሳ ልጄ ተኝቷል፣ ስገባም ተኝቷል። አድጓል ሲሉኝ ነው የማውቀው” አለቻቸው። ያን ቀን አቶ ጃለታ ቁርሳቸውን ሳይበሉ መዋላቸውን ወይዘሮ ሐመልማል ይናገራሉ።

ስብሰባው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ በወረዳው አዳራሽ ተደረገ። መስመሩ በዋናው መንገድ ካለፈ በመንገዱ ዳር ያሉት ቤቶች ይፈርሳሉ፤ ብየዳ ቤቱም ከነሱ አንዱ ነው። አቶ ደቻሳ እጃቸውን አውጥተው ተነሱ።

“አበልጄ፣ ባቡሩ ለኛ ነው የሚመጣው ብለሃል፤ ደግ። ቤታችን ፈርሶ ከከተማ ወጥተን ስንጣል፣ እዚህ ጣቢያ ላይ የሚሳፈረው ማነው? ሆቴል የሚሠሩልን ባለሀብቶች ናቸው?”

አዳራሹ አጨበጨበ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የዚህ ከተማ ሰው መንገድ ሲሰፋለት ራሱ ከመንገዱ ሲነሳ ደጋግሞ አይቷል። አቶ ጃለታ መመለስ የነበረባቸው ይህንን ነበር፤ እሳቸው ግን ደብተራቸውን ገለጡ።

“ሉሊት፣ ሃያ አንድ ዓመት፣ ዳቦ ፋብሪካ ትሠራለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ትነሳለች። ጨለማው ስለሚያስፈራት እስከ ዋናው መንገድ በሩጫ ነው የምትወርደው። የልጅ ልጅህ ናት፣ ደቻሳ።”

ከኋላ አንድ ሰው፣ “በዘጠኝ ሰዓት የሚያስወጣ የሴት ሥራ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?” አለ። ተሳቀ። የተናገረውን ሰው ስም ቤተሰቡ ያውቃል፤ ዛሬ ለቀብር መጥቶ ከመካከላችን ስለቆመ አይጻፍም።

አቶ ደቻሳ አልጮኹም። “ልጅቷ ለአንተ የነገረችህን ለእነዚህ ሰጠሃቸው? ደግ አደረግህ” ብለው ወጡ። አበልጄ አላሉም። አቶ ጃለታ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ይህን ከታሪካቸው ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። ምክር የሰጡም አልጠፉም። ነገር ግን አቶ ጃለታ ጥፋታቸውን ሸፍኑልኝ ያሉበት ቀን የለም፤ እሳቸው ያልሸፈኑትን ቤተሰባቸው አይሸፍንም።

በማግስቱ ንጋት ሰልፉ ድረስ ሄደው ሉሊትን ይቅርታ ጠየቁ። “እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ አባባ፤ የአባዬን ግን እኔ ልልልዎት አልችልም” አለቻቸው። አያቷን አባዬ ነው የምትላቸው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አቶ ጃለታ ሦስት ሽማግሌዎች ላኩ። አቶ ደቻሳ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ “የልጅቷ ስም የተነሳው በአዳራሽ ነው። ይቅርታውም በአዳራሹ፣ በዚያው ሰው ፊት ይሁን።” በዕድር ስብሰባ ይሁንልን ቢባሉ፣ “የሳቁት የዕድራችን አባል አይደሉም” አሉ። መልሱ ሲነገራቸው አቶ ጃለታ፣ “ልክ ነው” አሉ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ስብሰባውን መጠበቅ ነበር። ሁለተኛ ዙር ውይይት ይኖራል ተብሎ ነበርና።

አቶ ጃለታ በየወሩ መጀመሪያ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ወረዳው ይሄዱ ነበር። እዚያ የሚቀበላቸው ፊሊሞን የሚባል ወጣት ሠራተኛ ነው።

“አባባ፣ ጥናት ላይ ነው እኮ።”

“ጥናቱን አልጠየቅሁህም፣ ልጄ። ስብሰባው መቼ ነው?”

“ሲጠራ እንደውልልዎታለን።”

“ስልኬን ጽፈሃል?”

“ስንት ጊዜ፣ አባባ!”

ሰፈሩ “ጃለታ ባቡር” የሚል ስም አወጣላቸው፤ ባቡር ያሳበዳቸው መስሎት ነበር። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ግን በየጊዜው እየሰረዙ የሚጽፉት አንድ ወረቀት ነበር፤ ግማሹ ስለ ባቡሩ ነው፣ ግማሹ ይቅርታ። ስለ ባቡሩ የሚለውም ቢሆን ተለውጧል። የሚፈርስበት ሰው ምትክ ቤት ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት ቦታ እንዲሰጠው፣ ካልሆነ ግን ሥራው እንዳይጀመር የሚል ሐሳብ አስገብተውበታል። ወይዘሮ ሐመልማል፣ “ይኼማ የደቻሳ ሐሳብ አይደለም እንዴ?” ቢሏቸው፣ “አዎ። እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ። የሚያስቸግረው ይኼ ነው” ብለዋቸዋል።

ለመስመሩ መራዘም ድጋፍ የሚሰባሰብበትን የፊርማ ወረቀትም ከዚያ እሑድ በኋላ በእጃቸው አልነኩትም። አዲሱ ገበያ ፎቶ ኮፒ ቤት ላላት ለሩፋይዳ ሰጧት። እሷ ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጣ አስፈረመችና መጋቢት ላይ 614 ፊርማ ለወረዳው አስረከበች። ከማስረከቧ በፊት፣ “ይዩት እንጂ፣ ማን ማን እንደፈረመ” ብትላቸው እንቢ አሉ። “የሰው ጉዳይ አንድ ጊዜ አንብቤ ያመጣሁት ይበቃኛል።” የፈረመው ሰው ቁጥር ተነገራቸው እንጂ ስም አላዩም።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አለፈ። ሁለቱ አበልጆች በአንድ ዕድር፣ በአንድ ደብር፣ በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሳይነጋገሩ ኖሩ። ኦልያድ ሲያገባ አቶ ደቻሳ የክርስትና አባትነታቸውን አላጎደሉም፤ መጥተው መርቀውታል። በአባትየው በኩል ግን ሰላምታ ሳይሰጡ አለፉ። አቶ ጃለታ ያን ዕለት፣ “ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ በአዳራሽ ብሏል፣ በአዳራሽ ነው” ብለው ለጓደኛቸው ጠበቃ ሆኑ።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር አቶ ጃለታ በልብ ሕመም ታመሙ። በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ በቆዩበት ጊዜ ሉሊት እሑድ እሑድ ከፋብሪካዋ ትኩስ ዳቦ እያመጣች ትጠይቃቸው ነበር። አቶ ደቻሳ ግን በአጥሩ በኩል ወይዘሮ ሐመልማልን፣ “ሌሊቱን እንዴት አደረ?” ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ይህም አንድም ጠዋት አልተቋረጠም። ወደ ወረዳው መሄድ ሲያቅታቸው አቶ ጃለታ ልጃቸውን ኪያን ላኩ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሄዳ ጠይቃ፣ የተለመደውን መልስ ይዛ ተመለሰች። “እኔ ባልደርስ ወረቀቱን አንቺ ታነቢዋለሽ። አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሆንም” አሏት። ወረቀቱ በእጇ ነው። ስብሰባው በተጠራ ቀን ይነበባል፤ ባይጠራም አይጣልም።

አቶ ጃለታ ሙለታ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወይዘሮ ሐመልማልን፣ ልጆቻቸውን ኦልያድንና ኪያን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ የክርስትና ልጆቻቸውንና አበልጃቸውን አቶ ደቻሳ ቶለሳን ትተዋል። ሰው ሲጠብቅ ማየት የማይሆንላቸውን ይህን ሰው እግዚአብሔር ሳያስጠብቅ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ እሳቸውን ላጣን ሁሉ ብርታት ይስጠን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ፊሊሞን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ቤተሰቡ ማስታወሻ ያድርገው ብሎ የፊርማውን ወረቀት ኮፒ በፖስታ ይዞ ነበር። ከወረቀቱ አንድ መስመር እዚህ ይጻፋል። እንዲጻፍና ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አቶ ደቻሳም ሉሊትም ተጠይቀው ፈቅደዋል። የተጻፈው ከአዳራሹ ስብሰባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ተራ ቁጥር 219። ስም፦ ደቻሳ ቶለሳ። ቀን፦ የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.። አስተያየት፦ “ብየዳ ቤቴ ይፈርሳል። ይሁን። ልጅቷ ዘጠኝ ተኩል ነው የምትነሳው።”