ብዛት፦ አንድ ጥንድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ተራ ቀን። ጠዋት አዲስ የመጡትን ስኒከሮች ፎቶ አነሳሁ፤ ከሰዓት የሱቁ ድረ ገጽ ላይ አስገባኋቸው። እንደ ወትሮዬ መጀመሪያ የራሴን ጫማ አውልቄ ነጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና መብራቱን በእሱ አስተካከልኩ። አዲሶቹ ያለ ጓንት አይነኩም። የእኔ ቢነካም ባይነካም ያው ነው... ቡናማ፣ ተረከዙ የተበላ፣ ግራው በእግሬ አጥንት ልክ ወደ ውጭ ያበጠ። ይህ አጥንት ሌላ ጫማ አይቀበልም። በልኬ የሰፋልኝ ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል። ሌላ የሚሠራልኝ ፈልጌ አጣሁ። እግዜር ዕድሜውን ያርዝመው፤ የጫማውን ማለቴ ነው።

አለቃዬ በበሩ ስታልፍ፣ «ጋሼ፣ ያንን ሬሳ ከጠረጴዛዬ ላይ ያንሱልኝ!»

በየሳምንቱ ትላለች። በየሳምንቱ አነሳለሁ።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ መቀመጫ የለም። የባለቤቴ እህት ልጅ ስልኮቹን ደርድሮበታል። ሥራ ፍለጋ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ የመጣ ልጅ... ልጅ ይባላል? ጺሙ ከእኔ ይበልጣል። ሥራውን እዚያው ሶፋዬ ላይ አገኘው። ስልኮቹ ውስጥ ሮቦት የሚላቸው ፕሮግራሞች አሉት። በቁጥር የተወሰነ ስኒከር ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ፣ የሰው ጣት ሳይነቃነቅ እነሱ ገዝተው ይጨርሳሉ። እሱ ደግሞ በዚያው ቀን አትርፎ ይሸጠዋል። ዕቃውን በዐይኑ ሳያይ። አየር በአየር። ራሱ የሚሄደው በእኔ ነጠላ ጫማ ነው።

አብዛኛውን የሚገዛው ከእኛ ሱቅ ነው። ለአለቃዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አለቃዬ በሮቦቶቹ ተማረረች። ገዢው ሰው መሆኑን የሚለይ ጥያቄ አውጣ ተባልኩ። ሮቦት የማያውቀው ምንድን ነው? ስሜት። አራት ፎቶ ደረደርኩ፤ አራቱም የራሴ ፊት። «የተከፋው የትኛው ነው?»

ሮቦቶቹ ሁሉም አለፉ። ሰዎቹ ወደቁ።

አንድ ደንበኛ በስልክ ጮኸ። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ስንቴ ሞከርኩ! ሰው አይደለህም ይለኛል!»

«ታዲያ ነዎት?» አለችው አለቃዬ።

«እንዴት ማለት?»

«ማስረጃ አለዎት ወይ ነው የምልዎት።»

ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። አሳዘነኝ። እኔም ብጠየቅ ምን አቀርባለሁ?

ፎቶዎቹን ለባለቤቴ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየቻቸው። «ሁሉም ላይ ተከፍተሃል» አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ሠራሁ።

ነገ የሚወጣውን ስኒከር ገጽ ለመሞከር የራሴን ጫማ ፎቶ አስገባሁ፤ ሁልጊዜ እንደማደርገው። ስም፦ አሮጌ ጫማ። ብዛት፦ አንድ ጥንድ። ዋጋውን ከስኒከሩ ገጽ እንዳለ ገለበጥኩት። «ደብቅ» የሚለውን መጫን ነበረብኝ... «አውጣ» የሚለውን ተጫንኩ። ጣቴን ሳላነሳ «አልቋል» አለ። ሌሎቹ ሮቦቶች ያለቀውን ለመግዛት ሲረባረቡ ድረ ገጹ ቀጥ አለ።

አለቃዬ እየሮጠች መጣች። «ምንድን ነው የሸጥነው?»

እግሬን አየሁ። እሷም አየች።

«ስህተት ነው እትዬ። ገንዘቡን እንመልስለት።»

«ይህ ሱቅ የሸጠውን ሳያስረክብ ቀርቶ አያውቅም። ያውልቁ።»

«እኔስ በምን ልሂድ?»

«ጋሼ፣ ሱቁ ሙሉ ጫማ ነው!»

ሙሉ ነው። ያለውን ሁሉ አስሞከረችኝ። አጥንቴ አንዱንም እሺ አላለም። እሷ ጓንት አጥልቃ የእኔን በስስ ወረቀት ጠቀለለች፣ ሣጥን ውስጥ አስተኛች። በየሳምንቱ ሬሳ ስትለው ኖራ ዛሬ እውነትም ገነዘችው። በካልሲ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወት ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ዘረፉዎት እንዴ አባቴ?»

እንደዚያ ነገር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልጁ ቤቱን በጩኸት አናጋው። «አጎቴ! አንድ ብቻ የወጣ ዕቃ ትናንት ያዝኩ! በዓለም ላይ አንድ!»

«ምንድን ነው ዕቃው?»

«እኔ እንጃ። ማየት ምን ያደርጋል? አንድ ነው እኮ!»

«እስቲ ፎቶውን ክፈተው።»

ከፈተው። ጫማዬ። አጥንቴ ሳይቀር።

«ይህን አታውቀውም?» አልኩት። «በየቀኑ በር ላይ ተሻግረኸው ነው የምትገባው!»

ስልኩን ወደ ዐይኑ አስጠጋ፣ አራቀ። «እውነትም... አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘህ ዝም ትላለህ?»

«መልስልኝ።»

«ሸጥኩት እኮ።»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ምኑን ነው የሸጥከው?»

«የአጎቴን ጫማ። ለሰብሳቢ ነው አክስቴ፤ ብርቅ ጫማ የሚሰበስብ ሰውዬ።»

«የባሌን ጫማ ሸጠህ ከእኔ ገበታ ትቀርባለህ? አንተ ዐይን አውጣ!»

«ከሱቅ ነው የገዛሁት። ደረሰኝ አለኝ!»

አለውም። የሱቁ ማኅተም ያለበት።

ነጠላ ጫማዬን ከእግሩ ላይ አስወለቅኩት። ቢያንስ እሱ ተመለሰ። የስኒከር ነጋዴው አሁን በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

በነጠላ ጫማ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ። ጫማው የሚላክበት አድራሻ።

«ይህ የእርስዎ ቤት አይደለም?»

«ነው እትዬ።»

«የራስዎን ጫማ ራስዎ ገዙ?»

ነገርኳት። ምን አማራጭ ነበረኝ? ስለ ልጁ፣ ስለ ስልኮቹ፣ ስለ ሶፋው። አፏን ይዛ ሰማችኝ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ... ሮቦቶቹ የእርስዎ ቤት ነው የሚኖሩት?»

«እንግድነት መጥተው ነው።»

አልሳቀችም። ጣቷን ወደ እግሬ ቀሰረች። «ልብ ብለው ይስሙኝ ጋሼ። ያ ጫማ ተመልሶ እግርዎ ላይ ካየሁት ከሮቦት ጋር ተመሳጥረው በሱቄ ተጫውተዋል ማለት ነው። ያን ዕለት እንሰነባበታለን።»

ጫማዬን ካስመለስኩ ሥራዬን አጣለሁ። ካላስመለስኩ ወደ ሥራዬ የምሄድበት ከነጠላ ጫማ ሌላ የለኝም... ዝናብ ሲመጣስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዕቃ አድራሹ አንኳኳ። ፈረምኩ። ከእግሬ ተነስቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ እግሬ ሥር መጣ።

ሣጥኑን ልከፍት ስል ልጁ ከሶፋው ዘለለ። «በጣትህ አትንካው! ዋጋው ይወርዳል!» የባለቤቴን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አመጣልኝ። ሮዝ። የራሴን ጫማ በሮዝ ጓንት ያዝኩት።

ኢንተርኔት ላይ ስለ ጫማዬ ይከራከራሉ። አንዱ፣ «የግራው እብጠት ድፍረት የተሞላበት ዲዛይን ነው» ይላል። ሌላው አብዝቶታል ባይ ነው። አጥንቴን ነው የሚሉት! በልጁ ስም ገብቼ ልመልስላቸው አሰብኩና ተውኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰብሳቢው መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ ሰው። የራሱን ጓንትና የራሱን መብራት ይዞ።

«እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ» አለ። «ፎቶውን እያዩ አመሳስለው መሥራት ጀምረዋል።»

«የእኔን ጫማ? ማን?»

«ምን የማይሠሩት አለ?»

ገለበጠው፣ ውስጡን በመብራት ፈተሸው፣ አሸተተው። እዚህ ላይ እኔ አፈርኩ። በመጨረሻ እግሬን አየና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለአንድ አፍታ ቢያጠልቁት?»

አጠለቅኩት። አጥንቴ ቦታው ገባ። ዐይኔ እንባ አቀረረ... ለጫማ! ባለቤቴ ከኋላዬ ጠጋ ብላ፣ «ሩጥ» አለችኝ በሹክሹክታ። የምሯን ነው። በሩም ክፍት ነበር።

አልሮጥኩም። «አውጣ» የሚለውን የተጫነው የእኔው ጣት ነው። ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «በመስታወት ሣጥን ነው የሚቀመጠው» አለ ሊያጽናናኝ። «ማንም አይረግጠውም።»

ጫማ አይደለም እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዘነበ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ባለቤቴ ልጁን ከነስልኮቹ ወደ በረንዳ አወጣችው። ኔትወርኩ እዚያ ደካማ ነው። ሮቦቶቹ እንደ እኛው ተራ መጠበቅ ጀመሩ አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አንድ ወጣት አየሁ። ቡናማ ጫማ። ግራው ወደ ውጭ ያበጠ። ያነክሳል። ማዶ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት፣ እሷም ታነክሳለች።

ዐይኔ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዐይኔ አይደለም። የጫማዬ ቅጂ ከገበያው ጀርባ በየመደርደሪያው ተደርድሯል። በየቁጥሩ። ተረከዙን ሳይቀር አስቀድመው በልተውታል።

የእኔን ቁጥር አወረድኩ። ሻጩ ጠጋ አለኝ። «እውነቱን ልንገርዎት አባቴ፣ ኦሪጅናል አይደለም። በዚያ ላይ ለማንም ልክ አይሆንም። ግራውን ክፉኛ ያማል።»

«ታዲያ ለምን ይገዙታል?»

«እኔን ይጠይቁኛል?»

እግሬን አስገባሁ። አጥንቴ ቦታው ገባ። ተነስቼ ተራመድኩ፣ ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ሻጩ ተከፋ። «አባቴ፣ እንደዚህ አይደለም። ማነከስ አለብዎት።»

አላነከስኩም። ስንት ዘመን በልኬ የሚሠራልኝ ሰው አጥቼ... ሁለት ጥንድ ገዛሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

በር ላይ አለቃዬ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ! ምን ብዬዎት ነበር?»

«የውሸት ነው እትዬ። ከገበያ ነው የገዛሁት።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ምን ማስረጃ ይኖረኛል? አውልቄ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና አፍንጫዋን አስጠጋች። እንደገና አስጠጋች።

«ሙጫ ሙጫ ይላል» አለች። «ይግቡ።»

ሥራዬ ተረፈ። ነጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መብራቱን አስተካከልኩ። «ደብቅ» ላይ ተጫንኩ፤ መደበቁን አየሁ፤ እንደገና አየሁ። አለቃዬ በበሩ ስታልፍ ቆም አለች። ሬሳውን ያንሱ ልትል ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አላለችም።

«ጋሼ... የእኔ ቁጥር ይገኛል?»

«ይገኛል እትዬ። ግን ግራው ያምዎታል።»

ጫማውን አየችው። ማን እንደሚሰማት ዞር ብላ አጣራች።

«ይመመኝ» አለች።