የእትዬ የሺሃረግ ጆሮ እና የእኔ ስኳድራ

ውድ እትዬ የሺሃረግ፣

ሰላምታውን ትንሽ ያቆዩልኝ፤ ይህን ሳልናገር እጄ ሌላ ነገር አይጽፍም። ጆሮዎ ደህና ነው። ዛሬም ደህና ነው፣ አምናም ደህና ነበር። የተበላሸችው የሚያዘምሩባት ማንዶሊን ናት፤ ያበላሸኋትም እኔ ነኝ። ጥፋቱን እየተናዘዘ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ ነኝ፣ የየካ ሚካኤሉ አናጺ ክብረት።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። አምና ለአጥቢያችን ሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ስንዘጋጅ፣ የማንዶሊኗ ጀርባ ጠርዙ ተላቅቆ ስለነበር እንዳጣብቅልዎ አመጡልኝ። ስምንቱንም ክር በአንድ ጊዜ ፈታሁ። ይሄኔ ሆዷ ላይ ክሮቹን ተሸክማ የምትቆመው ትንሿ እንጨት፣ እናንተ ብሪጅ የምትሏት፣ ዱብ አለች። ሙጫዋ የለቀቀ መሰለኝ። ሙጫ ኖሯት እንደማያውቅ፣ የክሮቹ ጫና ብቻ እንደሚይዛት ማን ነገረኝ? የቆመችበትን ምልክት ሳየው ደግሞ ዘመም ያለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠማማ በር ሰቅዬ የማላውቅ ሰው ይህን እንዴት ልለፈው! የበርና የመስኮት ማዕዘን የምለካበትን ስኳድራዬን አመጣሁ፣ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩ፣ ለዓይን እንድታምርም ወደ አንገቷ ትንሽ ጠጋ አደረግኋትና በኮላ ለጠፍኳት። ለእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ ኮላውንም አልቆጠብኩም።

በመጀመሪያው እሁድ ከመድረክ ሲወርዱ ያሉኝን አልረሳውም። "ክብረት፣ ክሩን ሳልጫነው ልክ ነው፤ ጣቴ ወደ ሆዷ በቀረበ ቁጥር ግን ድምጿ ቀጥኖ ይሸሸኛል።" እኔ ምን አልኩ? "እትዬ፣ እንደ አዲስ ነው የሠራኋት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ ጉባኤው ፊት ሲቃኙ፣ ሲያላሉ፣ እንደገና ሲቃኙ አየሁ። መዘምራኑ እርስ በርስ ተያዩ። የኳየር መሪያችን ፊልሞና በትሕትና "እትዬ፣ ትንሽ ቢያርፉስ?" አለዎት። እኔም፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ "ዕድሜ ነው፤ ጆሮም ይደክማል" ብያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ክፋቱ እርስዎም አመኑን። "ጆሮዬ ሄደ" ብለው ማንዶሊኗን መድረኩ ሥር ትተው አያት ሰፈር ልጅዎ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ መዝሙር ሲከፈት እንኳ ያጠፋሉ ሲባል ሰማሁ። ሃያ አምስት ዓመት ሲያዘምሩን የኖሩ ሰው! ይህን ስሰማ አፈርኩ፣ ግን ለምን እንዳፈርኩ ገና አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ወር ፊልሞና ማንዶሊኗን ከመዘምራኑ ለሕዝቅኤል ሰጠው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው የድመት ነው። ያው ሆነ። አዲስ ክር ገዛን፤ ያው። መቃኛዎቹ ይንሸራተቱ ይሆናል ብለን አጠበቅን፤ ያው። በስልኩ ሲለካት ስምንቱም ክር ልክ ነው ይላል፤ መዝሙር ሲጀምር ግን ጥርስ ታፋጫለች። ልጁ ላብ ላብ ብሎት "ጋሽ ክብረት፣ ሲሪየስሊ፣ ችግሩ እኔ ነኝ እንዴ?" ሲለኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። እርስዎም ልክ እንዲህ ነበር ራስዎን የጠረጠሩት።

ቅዳሜ ተሸክሜያት እንጦጦ ወጣሁ። ከራጉኤል ወረድ ብሎ ጊታር የሚጠግን ሊሊሳ የሚባል ሰው አለ። አንዱን ክር ሳይጫነው መታው። ከዚያ አንገቷ ላይ ካሉት ብረቶች አሥራ ሁለተኛው ላይ ተጭኖ መታው።

"ስማ" አለኝ፣ "እዚህ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ መምጣት ነበረበት፤ አልፎ ሄደ። ሳይጫኑት ልክ ነው፤ ጣት ወደ ሆዷ ሲቀርብ ቀጥኖ ይሸሻል።"

እትዬ፣ ቃል በቃል የእርስዎ! በሽታዋን ያኔውኑ ነግረውን ኖሯል። ሊሊሳ በሜትር ሲለካ ብሪጇ ከቦታዋ አምስት ሚሊሜትር ወደ አንገቷ ቀርባለች።

"ማን ነው የለጠፋት?"

"አንድ አናጺ ነው።"

"ሰውዬው በር ይሥራ።"

"እኔ ነኝ" አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

ወፍራሞቹ ክሮች ከቀጫጭኖቹ ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚፈልጉ ብሪጇ መዝመሟ ልክ እንደነበረ አስረዳኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮላዬም ይጨመርበት። በሞቀ ቢላዋ ለማላቀቅ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ አቆማት፣ አዘመማት፣ ክሮቹን አጠበቀና መታት። ያ የድሮው ድምፅ መጣ፣ ከአንገቷ ጫፍ እስከ ሆዷ አንድም ሳይዛነፍ። "እልል!" እያልኩ ደጅ ወጣሁ። ከራጉኤል ሲወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ምክንያቱን ሳይጠይቁ አብረውኝ እልል አሉ።

ትናንት እሁድ "ምስክርነት አለኝ" ብዬ መድረክ ወጣሁ። ስኳድራዬን ከፍ አድርጌ፣ "የእትዬ የሺሃረግ ጆሮ አልሳተም፤ የሳተው ይህ ነው፤ 'ዕድሜ ነው' ያልኩትም እኔ ነኝ" አልኩ። ጉባኤው መጀመሪያ ሳቀ። ፊልሞና ግን ተነሥቶ ቆመ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ጭብጨባው የእርስዎ ነበር፤ ባይኖሩም ተቀበልኩልዎ።

ሊሊሳ ብሪጇን ሲያቆም "የመጨረሻዋን ፀጉር የምታህል ቦታ እኔ አልወስንም፤ ባለቤቷ በጆሯቸው ይወስኑ" ብሎኛል። ረቡዕ በባቡር አያት ድረስ አመጣታለሁ። አርጅቻለሁ ቢሉኝ አልሰማም፣ በሩንም ቢዘጉ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። እርስዎ ይቃኟት፣ ወዲህ ወዲያ ያድርጓት፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ። እርስዎ ልክ ናት እስኪሉ ድረስ በየካ ምድር ማንም ልክ ናት አይልም።

አክባሪ ልጅዎ፣
ክብረት